ስለ ችቦ፥ ስለ ርችትና ስለ ልጆቻችን

ነሐሴ 12 ቀን ማታ የቡሄ ችቦ ከሚቀጣጠልበት ሰዓት ጀምሮ መስከረም 17 ቀን የደመራው ፍም እስኪበርድ ድረስ ያለው ጊዜ 40 ቀን ያህል ነው። በዚህ ጊዜ ውስጥ የአገራችን ሕፃናት በቡሄ፥ በዘመን መለወጫ ዋዜማና በደመራ እሳት በእጃቸው ይዘው ከቤት ይወጣሉ። ከትንሣኤ ሌሊት ጧፍ በቀር ወላጅ ወዶና ፈቅዶ በልጁ እጅ እሳት የሚያስይዝበት ሌላ ጊዜ በዓመት ውስጥ አይገኝም። ስለዚህ ልጅን ስለ እሳት አያያዝ ማስተማር ለክርስቲያን ቤተ ሰብ ትርፍ ነገር ሳይሆን ከበዓሉ ዝግጅት አንዱ ክፍል ነው። ሙልሙሉ ይጋገራል፥ ጅራፉ ይገመዳል፥ ችቦው ይታሰራል፤ ትምህርቱ ግን ብዙ ጊዜ ይረሳል።

በዘመናችን ደግሞ ከችቦው ጎን ሌላ እሳት ተጨምሮአል፤ እርሱም ርችት ነው። ርችት ቀድሞ የታዘዘ ሰው በአደባባይ የሚተኩሰው፥ ሕዝቡም ከሩቅ ሆኖ የሚያየው ነገር ነበረ። ዛሬ ግን በኪስ የሚያዝ ሆኖ በመንገድ ዳር ለልጅ ሲሸጥ እናያለን። አንዱ ይጮኻል፥ አንዱ በእጅ ተይዞ ይበራል፥ አንዱም ወደ ሰማይ ይወነጨፋል። በልደት ቀን በኬኩ ላይ ይተከላል፤ በሠርግ አዳራሽም ሙሽሮቹ ሲገቡ ከወለሉ ወደ ላይ ይፈነጥቃል። ርችት የነካ ሁሉ በደለ ብለን አንነሣም፤ እንዲህ ያለው ተግሣጽ ልጁን መደበቅን እንጂ መጠንቀቅን አያስተምረውም። ይልቁንስ ችቦው በምን ሥርዓት ተጠብቆ እስከ እኛ እንደ ደረሰ፥ ርችቱም ያን ሥርዓት እንዴት እንዳጣ እንመልከት።

ልጅ ርችትን ስለ ምን ይወዳል? ብርሃንና ድምፅ ስለሚወድ ነው። በዚህም አይነቀፍም፤ አባቶቻችን ይህን ጠባዩን ዐውቀው ሁለቱንም በበዓሉ ውስጥ ሰጥተውታል። በቡሄ የሚበራው ችቦ በደብረ ታቦር የታየውን ብርሃን ያሳስባል፤ በብርሃኑ ምክንያት ቀኑ የመሸ ሳይመስላቸው በሜዳ የቆዩትን እረኞች ወላጆቻቸው ኅብስትና ችቦ ይዘው መፈለጋቸውንም ያስታውሳል። ጅራፉ ሲጮኽ ደግሞ ከደመናው የተሰማውንና ደቀ መዛሙርቱን ያስደነገጠውን ድምፅ ያመለክታል ተብሎ ይተረጐማል። (ጅራፍም ቢሆን ቦታ ሳይለቅ የሚያጮኸው ልጅ የባልንጀራውን ዓይን ሊመታበት እንደሚችል ወላጆች አይዘንጉ።) በደመራም እንደዚሁ ነው፤ ንግሥት እሌኒ ያስነሣችው ጢስ ዕፀ መስቀሉ የተቀበረበትን ስፍራ ለማመልከት የታሰበ እንጂ ለመቃጠል ብቻ የተለኰሰ እሳት አልነበረም።

የእነዚህን እሳቶች አጥር ልብ ብሎ ያየ ይደነቃል። በደመራው ዙሪያ አስቀድሞ ጸሎት ይደርሳል፤ ካህናቱና ሕዝቡ ደመራውን ይዞራሉ፤ የሚለኩሰውም በስፍራው የሚገኘው ታላቅ አባት ነው። ይህ በአንዳንዱ አገር በዋዜማው፥ በሌላውም አገር በበዓሉ ቀን ማለዳ ይሆናል፤ በሁሉም ዘንድ ግን ሰዓቱ የታወቀ፥ ስፍራው የተለየ፥ ለኳሹም አንድ ነው። ልጁ ቆሞ ይጠብቃል፤ እሳቱ ወደ እርሱ የሚመጣው ከታላቅ እጅ ነው። ይህን ሁሉ የጥንቃቄ ደንብ ብሎ የጠራው ሰው የለም፤ ሥርዓት ብቻ ይባል ነበር፤ ነገር ግን የልጁን ፊትና እጅ ሲጠብቅ ኖሮአል። ርችቱን ግን ልጁ ራሱ ይገዛዋል፥ ከአባቱ ሰውሮ ያኖረዋል፥ በግንብ ሥር ጐንበስ ብሎ ራሱ ይለኩሰዋል። የችቦና የርችት ዋና ልዩነት እንግዲህ ከእሳቱ ዓይነት ይልቅ እሳቱን ለልጁ በሚሰጠው እጅ ላይ ነው።

ሁለተኛው ልዩነት የወቅት ነው። ይህን ለመረዳት ተፍኪን እናስብ። ተፍኪ ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በሰበታ በኩል ወደ ጅማ በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኝ ከተማ ናት፤ በዙሪያዋም ጤፍ፥ ሽምብራና ጓያ የሚበቅልበት የበቾ ሜዳ ተዘርግቶአል። በነሐሴ አዋሽ ሞልቶ ሜዳው በውኃ ይተኛል፥ ምድሩ ጭቃ ነው፥ የቤቱም ክዳን ርሶአል። ከቡሄ ችቦ የተፈናጠረች ብልጭታ መሬት ሳትነካ ትጠፋለች። በመስከረምም ዐደይ አበባው ሲፈነዳ ሣሩ ገና ለምለም ነው። አባቶች ችቦውን ለእነዚህ ወራት የሰጡት በበዓሉ ምሥጢር ምክንያት ቢሆንም፥ ወቅቱ ራሱ ጠባቂ ሆኖላቸው ኖሮአል።

በልደትና በጥምቀት ሰሞን ግን ያው ሜዳ ሌላ ነው። ጤፉ ታጭዶ ተከምሮአል፤ በአውድማው ዳር የከብቱ መኖ የሚሆነው ጭድ ቆሞአል፤ ነፋሱም ደረቅ ነው። ጥር ደግሞ የሠርግ ወር ነው። ችቦ በዚህ ወራት በክምሩ መካከል ይዞ የሚዞር ልጅ አልነበረም፤ ርችት ግን ወቅት አያውቅምና በገናም በሠርግም ይተኰሳል። በአንድ ክምር ውስጥ የአንድ ቤተ ሰብ የዓመት እንጀራ፥ የልጆቹም ልብስና ደብተር አለ። በኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 22 ቁጥር 6 የተጻፈውን ሕግ እዚህ ላይ ማሰብ ይገባል። እሳት ወጥቶ ከእሾህ ወደ እህል ክምር ቢሻገር፥ ያነደደው ሰው ይከፍል ዘንድ ያዛል። ሰውየው ክምሩን ለማቃጠል አስቦ ነበር ወይ ብሎ አይመረምርም፤ እሳትን ያወጣ ሰው እስከሚደርስበት ድረስ ላለው ሁሉ ተጠያቂ እንደ ሆነ ይናገራል። ልጅ የለኰሰው እንደ ሆነስ ማን ይከፍላል? አባቱ አይደለምን?

አሁን ደግሞ ርችት በባሕርዩ ምን እንደ ሆነ በአጭሩ እንናገር፤ ብዙ ወላጆች እንደ መጫወቻ የሚቈጥሩት ምንነቱን ስላላወቁ ነውና። የርችት ሥሩ ባሩድ ነው። ባሩድ ከ1000 ዓመት በፊት በቻይና አገር የተገኘ ሲሆን፥ ናይትሬት ከተባለ ጨው፥ ከዲንና ከከሰል ይቀመማል። ጨው የተባለው ሲግል ለእሳቱ መተንፈሻ የሚሆነውን አየር ከራሱ ያወጣል። ስለዚህ የተለኰሰ ርችት በመዳፍ ቢጨበጥ አይታፈንም፤ ይልቁንም የተጨበጠው ሲፈነዳ ኃይሉ በጣቶቹ ላይ ያርፋል። ጭብጥ የያዘ ልጅ ጣቱን የሚያጣው ስለዚህ ነው። መለኰሻ ክሩ ነድዶ ያልፈነዳው ደግሞ ከፈነዳው ይከፋል፤ ሞተ ሲሉት ፊት ለፊት ይነሣልና።

በእጅ ተይዞ ብልጭ ብልጭ የሚለው ዘንግ ከሁሉ የዋህ መስሎ ስለሚታይ ለትንንሾቹ ይሰጣል። ነገር ግን የዘንጉ ጫፍ ሙቀት 1000 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያህል ይደርሳል። ውኃ የሚፈላው በ100 ዲግሪ ነው። ጀበናው በፍሙ ላይ ተጥዶ ሳለ «ወግድ፥ ያቃጥልሃል» ብላ ልጅዋን የምታርቅ እናት፥ ከጀበናው ውኃ እጅግ የሚበልጥ ግለት ያለውን ዘንግ በሁለት ዓመት ሕፃን እጅ አስይዛ ፎቶግራፍ ታነሣዋለች። በቤታችን ከሚደረገው ሁሉ እጅግ የሚያስደንቀኝ ይህ ነው። ዘንጉ ከጠፋም በኋላ ብረቱ ገና ግሎ ይቈያል፤ ሕፃኑ ጥሎት በባዶ እግሩ ይረግጠዋል።

ስለ ድምፁም አንድ ነገር ልጨምር። በሌሊት የሚሰማ የርችት ድምፅ ከጥይት ድምፅ በጆሮ አይለይም። በአዲስ አበባና በዙሪያዋ የጸጥታ አካላት በመስቀልና በኢሬቻ በዓላት ሰሞን ርችት መተኰስ ክልክል መሆኑን ደጋግመው ያስታወቁት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። በተሰበሰበ ሕዝብ መካከል አንድ ፍንዳታ ከተሰማ ሕዝቡ ይሸሻል፤ በሽሽቱም የሚረገጠው ሕፃንና ሽማግሌ ነው። ከጦርነት ስፍራ ተፈናቅሎ በጐረቤታችን የተጠጋ ሰውም አለ፤ ለእኛ ልጅ ሳቅ የሆነው ድምፅ የእርሱን ልጅ ከአልጋ ሥር ያስገባዋል።

ከተፍኪ ወደ ዋና ከተማው የሚሄድ ሰው በሰበታ ያልፋል። በሰበታ መርሐ ዕውራን የተባለው የዓይነ ስውራን ልጆች ትምህርት ቤት ይገኛል። በዚያ የሚማሩት ልጆች የዓይናቸውን ብርሃን ያጡበት ምክንያት ልዩ ልዩ ነው፤ በትጋታቸውም ብዙ ዓይናማ የሚበልጡ ናቸው። በጣታቸው ፊደል ሲዳስሱ ያየ ወላጅ ግን የልጁን ዓይን ለአንድ ማታ ጨዋታ ለማስያዝ አይደፍርም። ርችት ከእጅ ቀጥሎ አብዝቶ የሚጐዳው ዓይንን ነውና፤ ለኳሹ ብቻ ሳይሆን ቆሞ የሚያይ ልጅም ይጐዳል።

«ይህ የልጆች ነገር ነው፤ እኛ ዐዋቂዎቹ በአዳራሽ በሥርዓት እናደርገዋለን» የሚል ቢኖር፥ በነነዌ የሆነውን ይስማ። ጾመ ነነዌን በየዓመቱ የምንጾም እኛ ለዚህ ስም እንግዶች አይደለንም። በሰሜን ኢራቅ በነነዌ ሜዳ ላይ ቀራቆሽ የምትባል፥ ከጥንት ጀምሮ የሶርያ ክርስቲያኖች የሚኖሩባት ከተማ አለች። በመስከረም 15 ቀን 2016 ዓ.ም. ማታ፥ ማለት እኛ ለደመራ ስንዘጋጅ፥ በዚያች ከተማ በአንድ አዳራሽ ሠርግ ነበረ። ሙሽሮቹ ሲጨፍሩ ከወለል ወደ ላይ የሚፈነጥቅ ርችት ተለኰሰ፤ ብልጭታው በጣራው ላይ ከተንጠለጠለው ጌጥ ደረሰ፤ አዳራሹም በቀላሉ በሚነድ ነገር የተለበጠ ስለ ነበረ ጣራው እየነደደ በሕዝቡ ላይ ወረደ። ከ100 በላይ ሰዎች ሞቱ። ለማየት የመጡ አያቶች፥ አበባ የያዙ ሕፃናት በዚያ ነበሩ። ርችቱን የለኰሰው ሰው ማንንም ሊጐዳ አላሰበም፤ ሙሽሮቹን ሊያከብር ነበር የፈለገው።

አንዳንድ ምእመናን ሠለስቱ ደቂቅን ጠቅሰው «የጠበቀው እግዚአብሔር ነው» ይላሉ። እውነት ነው፥ እርሱ ይጠብቃል። ነገር ግን ሦስቱ ልጆች ወደ እሳቱ ተጥለው ገቡ እንጂ ለጨዋታ አልገቡም። ጌታችንም ከመቅደሱ ጫፍ ራስህን ወርውር በተባለ ጊዜ አምላክን መፈታተን እንዳይገባ መልሶአል። በኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 22 ቁጥር 8 ደግሞ አዲስ ቤት የሚሠራ ሰው በሰገነቱ ዙሪያ መከታ ያደርግ ዘንድ ታዝዞአል፤ ሰው ከዚያ ቢወድቅ ደሙ በቤቱ ላይ እንዳይሆን ነው። መከታ መሥራት ታዲያ የእምነት ጕድለት ነው ሊባል አይቻልም፤ ራሱ ትእዛዝ ሆኖ ተጽፎአልና።

ወደ ትምህርቱ እንምጣ። ትምህርቱ በዋዜማው ማታ፥ ጭፈራው ከጀመረ በኋላ ሊሰጥ አይችልም፤ ያን ጊዜ ልጅ አይሰማም። ከበዓሉ ጥቂት ቀን አስቀድሞ፥ በቀን ብርሃን፥ ባልተለኰሰ ችቦ መሆን አለበት። አባት ችቦውን ለልጁ ያስይዘው፤ ክንዱን ዘርግቶ፥ ጫፉን ከፊቱና ከሌላው ሰው ራስ አርቆ፥ ነፋሱን በጀርባው አድርጎ መቆምን ያሳየው። ችቦ ይዞ መሮጥና ማወዛወዝ እንደማይገባም ይንገረው። ከአምስት ዓመት በታች የሆነ ሕፃን ችቦም ጧፍም ብቻውን አይያዝ፤ በታላቁ እቅፍ ሆኖ ቢያይ በዓሉ አይጐድልበትም። ስለ ልብስም ይታሰብ። የበዓል ነጠላችን ስስ ነው፥ ጫፉም ዘርፍ ያለው ነው፤ ሲወዛወዝ እሳትን ይጠራል። ስለዚህ እሳት በሚያዝበት ጊዜ ነጠላው ተጣፍቶ በወገብ ይታሰር። በሰው ሠራሽ ክር የተሠራ የሚያብረቀርቅ ልብስ ደግሞ ቀልጦ ከቈዳ ጋር ይጣበቃል።

ልብሱ የተቀጣጠለበት ልጅ የመጀመሪያ ሥራው መሮጥ ነው፤ ሩጫው ግን እሳቱን ያራግበዋል። ቁም፥ ተኛ፥ ፊትህን በእጅህ ሸፍነህ ተንከባለል የሚለውን ትምህርት በቤት ውስጥ እንደ ጨዋታ አድርጎ ሦስት አራት ጊዜ ማስለመድ ይቻላል። ልጆች እጅግ ይወዱታል። በአጠገቡ ያለ ዐዋቂም ጋቢ ወይም ብርድ ልብስ ጥሎበት እሳቱን ያፍን።

ከዚህ ሁሉ የሚከብደው ግን ሌላ ነው። ልጅ የተቃጠለ እጁን ይደብቃል። ርችት መግዛቱ እንዳይታወቅበት፥ አለንጋም እንዳያገኘው ፈርቶ፥ እጁን በኪሱ አድርጎ ይተኛል፤ ቍስሉ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን ሸትቶ ይታወቃል። ስለዚህ አባት አስቀድሞ ለልጁ ቃል ይስጠው፤ «ብትጐዳ ወይም ጓደኛህ ቢጐዳ ሮጠህ ወደ እኔ ና፤ በዚያች ቀን አልመታህም» ይበለው። የሰጠውንም ቃል ይጠብቅ። ወድቆ ያገኘውን ያልፈነዳ ነገር እንዳይነካ፥ ዐዋቂ እንዲጠራም በዚያው ያስተምረው፤ ይህ ትምህርት ጦርነት ባለፈባቸው የሰሜን አገሮቻችን ከርችት ለሚብስም ነገር መድኀኒት ነው።

በየሰፈሩ ወጣቶች በሚያቆሙት ደመራ ላይ አንድ ክፉ ልማድ ገብቶአል፤ እንጨቱ በዝናብ ርሶ እንቢ ሲል ቤንዚን ያፈሱበታል። የቤንዚን ትነት ግን በዓይን ሳይታይ በምድር ላይ ተዘርግቶ ለኳሹን ከእግሩ ጀምሮ ይይዘዋል። ቤንዚን ከቶ አይፈስስ፤ ደረቅ ጭራሮ ከዋዜማው አስቀድሞ በሸራ ተሸፍኖ ይቈይ። ሕዝቡም ከደመራው ቁመት ሁለት እጥፍ ያህል ይራቅ፤ ምሰሶው ወዴት እንደሚወድቅ ለማየት የሚሽቀዳደመው ሁሉ በሚወድቅበት በኩል መቆሙን አያውቅምና። በእንስራ ወይም በባልዲ ውኃ፥ በአጠገቡም አሸዋ ይዘጋጅ።

አደጋ ከደረሰስ? የተቃጠለውን ገላ ወዲያው በንጹሕና በቀዝቃዛ የሚወርድ ውኃ ሥር 20 ደቂቃ ማቈየት ነው። ሃያ ደቂቃ ረጅም ነው፥ ሕፃኑም ያለቅሳል፤ ቢሆንም አይቋረጥ። ሌላው ገላው እንዳይበርደው በደረቅ ልብስ ይሸፈን። እብጠት ሳይጀምር ቀለበቱ፥ አምባሩና ጫማው ይውለቁ፤ ከቈዳው የተጣበቀ ልብስ ግን አይላቀቅ። ቅቤ፥ የጥርስ ሳሙና፥ ሊጥ፥ እንቍላል፥ የቡና ዱቄት፥ ጭቃ አይደረግበት፤ እነዚህ ሁሉ ሙቀቱን በውስጥ ያፍናሉ፥ ቍስሉንም ያመረቅዛሉ። በንጹሕ ጨርቅ ሸፍኖ ወደ ሐኪም መውሰድ ነው፤ ሐኪሙ የመንጋጋ ቆልፍ ክትባት ያስፈልገው እንደ ሆነ ይመረምራል። ዓይን በፍንጣሪ የተመታ እንደ ሆነ አይታሽ፥ አይጫን፥ የገባውም ነገር አይጐርጐር፤ ዓይኑን በማይነካ የወረቀት ኩባያ ጋርዶ መሄድ ነው። የቀይ መስቀል አምቡላንስ በስልክ ቍጥር 907 ይጠራል፤ በአዲስ አበባ የእሳት አደጋ መከላከያ በ939 ይገኛል። በዚያው በአዲስ አበባ የካቲት 12 ሆስፒታል በቃጠሎ፥ ዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታልም በዓይን ሕክምና የታወቁ ናቸው። ጸበል ለመጠመቅ የሚወድ ቤተ ሰብ አይከለከልም፤ ነገር ግን ካህኑ ራሱ «አስቀድማችሁ ሐኪም ዘንድ አድርሱት» ቢላቸው ቃሉ ከማንም ቃል ይልቅ ይሰማል። የዓለም የጤና ድርጅት እንደሚገምተው በቃጠሎ ምክንያት በዓለም ላይ በየዓመቱ 180,000 ያህል ሰዎች ይሞታሉ፤ አብዛኞቹም እንደ እኛ ባሉ ገና በማደግ ላይ ባሉ አገሮች የሚኖሩ ናቸው።

ካህናት አባቶች ሆይ፥ በዚህ ነገር የእናንተ ድርሻ ትልቅ ነው። ከቅዳሴ በኋላ በሚደረገው ትምህርት፥ ከቡሄ በፊት ባለው እሑድና ከመስቀል በፊት ባለው እሑድ፥ አምስት ደቂቃ ለዚህ ቢሰጥ ብዙ ቤት ይጠበቃል። የንስሐ አባት በበዓል ሰሞን የልጆቹን ቤት ሲጐበኝ «ችቦውን የሚለኩሰው ማን ነው? ከልጆቹስ ጋር ማን ይቆማል?» ብሎ ቢጠይቅ ነውር የለበትም። የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች ለየአምስቱ ሕፃን አንድ ታላቅ መድበው በደመራው ዙሪያ ቢቆሙ፥ ነጭ ልብሳቸው ከሩቅ ስለሚታይ የጠፋም ልጅ ወደ እነርሱ ይሄዳል። ሠርግ ለማስባረክ ለሚመጡ ሙሽሮችም የአዳራሹ በር ስንት እንደ ሆነና ርችት ታስቦ እንደ ሆነ መጠየቅ ይቻላል።

አንድ ነገር ቀርቶአል፤ እርሱም በማግሥቱ ያለው ዐመድ ነው። ሕዝቡ መስከረም 17 ቀን ከደመራው ዐመድ በግንባሩ ላይ የመስቀል ምልክት ለማድረግ ይሄዳል፤ ልጆችም በማለዳ ተነሥተው ከሁሉ ቀድመው ይደርሳሉ። ዐመዱ ከላይ ነጭና ቀዝቃዛ ይመስላል፤ ከሥሩ ግን ፍሙ ሌሊቱን ሙሉ ሳይጠፋ ያድራል። እንግዲህ አባት ልጁን እጁን ይዞ ይሂድ፤ ጫማም ያጫማው። ከዳር በኩል ጥቂት ዐመድ በረጅም እንጨት ወደ ራሱ ስቦ ይበትነው፤ የእጁን ጀርባ አስጠግቶ ሙቀት እንደሌለው ይወቅ፤ አስቀድሞም በራሱ ግንባር ላይ ያድርገው፥ ቀጥሎም በልጁ።